የውሃ አባት ቤት መጨረሻ ይቀዳል

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው ገደል ጥግ ዋርካ ሥር የምትባል መንደር አለች። እዚያ ወርዶ «እዚህ አገር ደግ ሰው ማነው?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ ጃፈር የውሃ አባቱ። «በደግነቱ የተቸገረውስ ማነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ቢገኝ ኖሮ መልሱ ያለው ሙስሊማ ዘንድ ነበር፣ ሚስቱ ዘንድ። እሷም ብትሆን አትናገርም። ሙስሊማ ከባሏ የባሰች ናት።

የውሃ አባትነት ሹመት አይባልም፤ ደመወዝ የለው፣ ማኅተም የለው። ከመንደሩ በላይ፣ ገደሉ ወገብ ላይ፣ ጥድ ሥር የሚባል ምንጭ አለ። ክረምቱን ለሁሉም ይበቃል፤ ማንም ከማንም አይጋፋም። በጋው ገብቶ ዓይኑ ሲቀጥን ግን ውሃው እንደ ክር እየተንጠባጠበ ነው የሚወርደው። ያን ጊዜ ጀሪካን ይሰለፋል፣ ሰው ይነጫነጫል፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ያሳያል። እንግዲህ ተራ የሚያስከብር፣ ነፍሰ ጡሯን የሚያስቀድም፣ አስቸጋሪውን በአንድ ግልምጫ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የውሃ አባት ነው። ከጥንት የመጣ አንድ ሕግ ብቻ አለበት፤ የውሃ አባት ቤት መጨረሻ ይቀዳል። ፈራጅ ራሱን ካስቀደመ ማን ያምነዋል?

ሕጉ ግሩም ነው። ችግሩ ጀሪካኑን የሚሸከመው የውሃ አባቱ አለመሆኑ ነው።

ሙስሊማ ሙሽራ ሆና ዋርካ ሥር ከገባችበት ዓመት ጀምሮ በሰልፉ ጭራ ላይ ቆማለች። ልጇን ሌይላን አርግዛ እንኳ ሌላዋን ነፍሰ ጡር ጃፈር ሲያስቀድም እሷ ከኋላ ነበረች። ሰው ሁሉ ቀድቶ ሲሄድ፣ ፀሐይ ጋራውን ዞራ ስትወርድ፣ የእሷ ጀሪካን ገና ይንጠባጠብበታል። ሴቶቹ «አንቺ የታደልሽ፣ ባልሽ እንዴት ያለ ሰው ነው!» ይሏታል። እሷም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ከአንጀቷ ነው የምትለው፤ ትወደዋለች፣ ትኮራበታለችም። ጀርባዋ ግን ከዓመት ዓመት እየጎበጠ ሄደ።

ከምንጩ በላይ፣ ገደሉ አናት ላይ፣ ዝግባ አፋፍ የሚባል ሌላ መንደር አለ። ላዮቹ ክርስቲያን፣ ታቾቹ እስላም ናቸው። ላዮቹም የራሳቸው የውሃ አባት አላቸው፤ ወልደ ሰንበት ይባላል፤ ረጅም፣ ቁጡ፣ ልቡ ግን ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ጃፈርና ወልደ ሰንበት አንዱን ቀጭን ምንጭ ሲያካፍሉ አብረው ሸበቱ። ረመዳን ሲገባ ላዮቹ የማታውን ተራ ለታቾቹ ይለቃሉ፣ ማፍጠሪያ እንዳይጎድል። ጥምቀት ሲደርስ ታቾቹ ከዋዜማው ጀምሮ ወደ ምንጩ ድርሽ አይሉም፣ ላዮቹ ድግሳቸውን እንዲያደርሱ። እንዲህ ሲሰጣጡ ኖረው ኖረው በመጨረሻ መስጠት እንጂ መቀበል የማይችሉ ሰዎች ሆኑ።

እውነቱን ለመናገር የዚህ አገር ሰው ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለበት። በሽታ ሲሉት ይቆጣል፤ ቢቆጣም በሽታ ነው። እየራበው «በልቻለሁ» ይላል፤ እየበረደው ጋቢውን አውልቆ ለእንግዳ ያለብሳል፤ ልቡ የፈለገውን አፉ «ኧረ ይቅርብኝ» ይለዋል። ጃፈርና ወልደ ሰንበት ደግሞ የበሽታው አለቆች ናቸው።

ሌይላ አድጋ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገብታ መሥራት ስትጀምር ሙስሊማን የሚያግዛት ጠፋ። ጃፈር ያን ሰሞን አንድ ቃል ገባላት። «ኢንሻአላህ አንድ ቀን ውሃው ራሱ በራፍሽ ድረስ ይመጣል» አላት። ሙስሊማ ሳቀች። ቃሉን ግን አልረሳችም።

እንደ ተባለውም አንድ ቀን የውሃ ሰዎች ከደብረ ብርሃን መጡ። መሪያቸው ሰላም የምትባል ወጣት ኢንጅነር ናት፤ ከሐዋሳ መጥታ ደብረ ብርሃን የሰፈረች፣ የደጋውን ብርድ እስካሁን ያልለመደች። ሹራብ ላይ ጃኬት ደርባ ገደሉን ስትወርድ አንድ በአንድ እያወለቀች፣ ዋርካው ጥላ ሥር ስትደርስ በሸሚዝ ቀረች። ትልቅ ካርታ መሬት ላይ ዘርግታ በአራቱ ማዕዘን ድንጋይ ጫነችበትና አስረዳች። ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት፤ ያልገባው ሰው አልነበረም።

አማራጩ ሦስት ነው። አንደኛው፣ ምንጩን ገንብቶ ውሃውን በራሱ ቁልቁለት በቧንቧ ወደ ዋርካ ሥር ማውረድ ነው። ፓምፕ አይፈልግ፣ መብራት አይፈልግ። ላዮቹ ግን ሁለተኛ ዙር ይጠብቃሉ። ሁለተኛው፣ ውሃውን በፓምፕ ገፍቶ ዝግባ አፋፍ ላይ ታንከር ውስጥ ማጠራቀም ነው። እንዲህ ከሆነ ላዮቹ መጀመሪያ ያገኛሉ፤ ሁለተኛ ዙር የሚጠብቁት ታቾቹ ይሆናሉ። ሦስተኛው ምንጩን ትቶ ከመንደሮቹ ወዲያ ካለው ሜዳ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈርና ለሁለቱም መንደር እዚያው አንድ ቦኖ ማቆም ነው። ለሁለቱም እኩል ነው፤ ለሁለቱም እኩል ሩቅ ነው።

«እኛ ወጪውንም፣ የውሃውን መጠንም፣ መብራቱንም እንመዝናለን» አለች ሰላም። «የእናንተ ፍላጎት ግን ትልቅ ነጥብ አለው። የቱን ትመርጣላችሁ?»

ሁለተኛ ዙር ምን ማለት እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚህ አገር ሁለተኛ ዙር የተባለ ነገር ለልጅ ልጅ ነው የሚደርሰው። ሰላም በሌላ አገር እንዲህ ያለ ስብሰባ ስትመራ ሰው በዱላ ሊፈነካከት ሲል አይታለች፤ ዛሬም ጩኸት ጠብቃ ነበር።

ጩኸት የሚባል ነገር አልተሰማም። ሰው ሁሉ ወደ ጃፈር ዞረ። ጃፈር ተነሣ፣ ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ሄዶ ሙስሊማ ላይ አረፈ። አንደኛው የእሷ ነው። በራፏ ድረስ የሚመጣው ውሃ ካርታው ላይ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ተዘርግቷል። አፉ ላይም ደርሶ ነበር። ግን ወልደ ሰንበት ትዝ አለው፤ «ጃፈር ለራሱ ጎተተ» ሲባል፣ ያ ረጅም ሰው አንገቱን ሲደፋ።

«ላዮቹ ይቅደሙ» አለ። «እኛ ባዶ ጀሪካን ይዘን ወጥተን ሞልተን ነው የምንወርደው። እነሱ ባዶውን ይዘው ወርደው ሞልተው ዳገቱን ይወጣሉ። የሚበልጠው ድካም የእነሱ ነው። ሁለተኛው ይሻላል።»

«ልክ ነው!» አለ ሰው ሁሉ፣ እያንዳንዱ በልቡ «ወይኔ» እያለ። የውሃ አባት ተናግሮ ማን ሌላ ይናገራል?

ሰላም ግራ ገባት። «እሺ፣ ሴቶቹስ ምን ትላላችሁ? ውሃ የምትቀዱት እናንተ ናችሁ» አለች፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ለትክክለኛው ሰው። ሴቶቹ ደግሞ ወደ ሙስሊማ ዞሩ።

ሙስሊማ ሻሿን አፏ ላይ ሳብ አደረገች። «እሳቸው እንዳሉት» አለች።

በማግስቱ ሰላም ዝግባ አፋፍ ላይ ያንኑ ካርታ ዘረጋች። እዚያም ወልደ ሰንበት ተነሣ። «ታቾቹ ይቅደሙ» አለ። «እኛ እንኳ ስንወርድ ባዶ ነን። እነሱ ሞልተው ነው ያን ገደል የሚወርዱት፤ ጉልበት የሚሰብረው ቁልቁለት ነው። ደግሞም ቆላ ነው፣ ይሞቃል፣ ይጠማል። አንደኛው ይሁን።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ሰላም የሰማችውን ይዛ ደብረ ብርሃን ተመለሰች። አለቃዋ ሲያየው እሱም ግራ ገባው፤ ሁለቱም መንደሮች ለራሳቸው የሚመጣውን ውሃ አንፈልግም ብለዋል። ተጣልተው ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ወደ ራሱ በጎተተ ነበር። «ምናልባት ምንጩ እንዲነካ አይፈልጉ ይሆናል፤ ጠበል ይሆናል፣ አድባር ይሆናል» ተባለ። ማን ይፈርድባቸዋል? በቀናው ሚዛን ቢመዝኑት የሚወጣው መልስ ይኸው ነበር። ሦስተኛው አማራጭ አንደኛ ወጣ።

ወሬው አልዩ አምባ ገበያ ላይ ነበር የደረሰው። ጃፈር ሽንኩርት ሊሸጥ ወርዶ ሳለ ወልደ ሰንበት ከፍየል ተራ ወዲያ እየተምዘገዘገ መጣ።

«ጃፈር! ምን በድዬህ ነው?» አለው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«እኔ ነኝ እንጂ ይህን የምጠይቅህ! ውሃውን ለአንተ ሰጥቼ እንቢ ትላለህ?»

«ለእኔ? እኔ አይደለሁ ለአንተ የሰጠሁት?»

«ማን ስጠኝ አለህ!»

«አንተንስ ማን ስጠኝ አለህ?»

መሃላቸው ፍየል ይዞ የቆመ ነጋዴ አንዴ ወደ አንዱ አንዴ ወደ ሌላው ሲያይ አንገቱ ዛለ። በውሃ መነጣጠቅ የተጣላ ሰው አይቷል፤ በውሃ መሰጣጠት የተጣላ ሽማግሌ ግን አይቶ አያውቅም። ሁለቱም ድምፃቸው ሲደክም አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። እንግዲህ ሁለቱም መንደር ጀሪካኑን ይዞ እስከ መኪናው መንገድ ሊሄድ ነው።

«ሄደን እንንገራቸው» አለ ወልደ ሰንበት።

«ምን ብለን? ዋሽተን ነበር ብለን? ምን ይሉናል?» አለ ጃፈር።

ምን ይሉናል ተብሎ ቀረ። ቀናት አለፉ። ሜዳው ላይ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ምልክት አደረጉበት ተባለ። ጃፈር «ዝም አይነቅዝም» እያለ ራሱን አጽናና፤ ሌሊት ሌሊት ግን ይገላበጣል።

አንድ ቀን ከእርሻ ሲገባ ሙስሊማ የዐስር ሶላቷን ስትሰግድ አገኛት። ግንባሯ መስገጃው ላይ ነው። ጃፈር እጅ እግሩን ታጥቦ፣ ሰግዶ፣ ጨርሶ ቀና ሲል እሷ አሁንም ሱጁድ ላይ ናት። ልቡ ተነካ። ምን ዓይነት ሴት ናት፣ ብሎ አሰበ፤ ለሰው ሁሉ ዱዓ እያደረገች ነው። እንዳያቋርጣት ድምፁን አጥፍቶ በር ላይ ተቀመጠ።

«የሌይላ አባት» አለች ሙስሊማ፣ ግንባሯን ከመስገጃው ሳታነሣ።

«አቤት።»

«አንሣኝ።»

ጃፈር አልገባውም። «ጨረስሽ?»

«እንዴት ልጨርስ? ወገቤ እንቢ አለኝ፤ መነሣት አቃተኝ» አለች። አቅፎ ሲያነሣት ፊቷ በእንባ ርሷል። «ዱዓ የማደርግ መሰለህ?»

ጃፈር አስተኝቷት ወጣና ዋርካው ሥር ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሁሉ ሲጠማ ያያል፤ የገዛ ቤቱን ግን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም። ደግ መባል ጥሩ ነገር ነው፤ ክፍያው ከሌላ ሰው ጀርባ ላይ መሆኑ ነው እንጂ።

በማግስቱ ሙስሊማን በበቅሎ ገደሉን አወጣት። ዝግባ አፋፍ ሲደርሱ ወልደ ሰንበትን ጠራው። «ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው። ሙስሊማን ሐኪም ቤት አሳያታለሁ፤ ከዚያ ያቺ ልጅ ጋ እገባለሁ። ትመጣለህ?» አለው። ወልደ ሰንበት ሙስሊማን በቅሎዋ ላይ ተጎንብሳ ባያት ጊዜ ጋቢውን ለብሶ ወጣ።

ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፣ «ከእንግዲህ ሸክም የሚባል ነገር የለም» አለ። ሌይላ ዘንድ አድረው ጠዋት ሦስቱም ወደ ውሃ ቢሮ ሄዱ። ብርዱ ያንገበግባል። ሰላምን ሹራብ ላይ ጃኬቷን ደርባ አገኟት፤ ገና ስታያቸው ተነሥታ ተቀበለቻቸው፣ ለሙስሊማም የራሷን መደገፊያ ያለው ወንበር አቀረበችላት። ሙስሊማ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ አስራ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እሺ አባቶቼ፣ ምን ልታዘዝ?»

ወልደ ሰንበት ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ የሦስተኛው ነገር ልክ አይደለም። ምንጩ ይሠራ። እና... ታቾቹ ቢቀድሙ፣ ያው ቆላ ስለሆነ...»

«ኧረ የለም!» አለ ጃፈር። «ላዮቹ ናቸው መቅደም ያለባቸው፤ ዳገቱ...»

ሰላም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መሳቅ ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች። «አባቶቼ፣ እንዲህማ ከሆነ አሁንም የሚወጣው ሦስተኛው ነው» አለች። «እኔ የሌላውን ሰው ፍላጎት ከእናንተ መጠየቅ አልችልም። አባባ ጃፈር፣ የእርስዎ ቤት ምን ይፈልጋል?»

ጃፈርን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ወደ ሙስሊማ ዞረ። ሙስሊማ እንደ ልማዷ ሻሿን አፏ ላይ ስባለች፣ «ተወው» የምትል ትመስላለች።

«ልጄ» አለ ጃፈር፣ «ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ዋሸሁሽ። የምፈልገው አንደኛውን ነበር። ውሃው ቤቴ በራፍ ላይ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ለመንደሩ ብቻ አይደለም፣ ለቤቴ። ይቺ ሴት ዕድሜ ልኳን በእኔ ምክንያት መጨረሻ ቀድታለች። አሁን ከሱጁድ መነሣት አቅቷታል። ለእሷ ነው። ወላሂ ለእሷ ነው የምፈልገው።»

 ሙስሊማ ሻሿን ከአፏ ወደ ዓይኗ አወጣችው።

ወልደ ሰንበት መሬት መሬቱን እያየ «በማርያም፣ እኔም ዋሽቼ ነበር» አለ። «እኛም እንፈልጋለን። የልጄ ሚስት ዳገቱ ላይ ጀሪካን ተሸክማ ወድቃ አስወርዷታል። ለማንም አልነገርኩም። አፍሬ ነው።»

ጃፈር ዞሮ አየው። ስንት ዓመት አብረው ተራ ሲያስከብሩ ይህን ነግሮት አያውቅም። እጁን ዘርግቶ የወልደ ሰንበትን ጉልበት ያዘ።

ሰላም ካርታውን አወጣች። ሳታስበው ቀርታ አይደለም፤ ሁለቱን የማጣመር ሐሳብ ከመጀመሪያውም ነበራት፤ ማንም ለራሱ ያልጠየቀውን ግን ወጪው ከፍ ያለ ነው ብሎ አለቃዋ ሲጥለው ምን ብላ ትከራከር? ታች በራሱ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ላይ በትንሽ ፓምፕ ይገፋል፤ ምንጩ አንድ፣ ግንባታው አንድ። «ሦስተኛው ገና አልተፈረመም» አለች። «እንደገና ይመዘናል። ቃል አልገባም። ግን አሁን የምመዝነው ነገር አለኝ።»

ቧንቧው የተከፈተው በዓመቱ ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ሰላም ክርክሩን አሸንፋለች። ሁሉም ነገር ግን እኩል አልደረሰም፤ የላዮቹ ታንከር አፋፉ ላይ ተሠርቶ ከታች ይታያል፣ ፓምፑ ትራንስፎርመር እየጠበቀ ነው። መቼ እንደሚመጣ መብራት ኃይል ያውቃል። ወልደ ሰንበት ምረቃውን ለማየት በትሩን ብቻ ይዞ ገደሉን ወረደ። ሲያየው የጃፈር ሆድ ባባ።

ቦኖው ከዋርካው ሥር፣ ከጃፈር አጥር ማዶ ነው። ጀሪካኑ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፏል። ጥሩ ልማድ ቶሎ አይለቅምና የሙስሊማ ጀሪካን መጨረሻ ላይ ነው፤ ራሷ ናት ያስቀመጠችው።

«እንግዳ ይቅደም! ለአያ ወልደ ሰንበት ጀሪካን ስጡት!» አለ አንዱ። ሌላው «የውሃ አባት ያስቀድመው!» አለ። ሰው ሁሉ ወደ ጃፈር ዞረ፤ እንደ ዱሮው።

ጃፈር ወልደ ሰንበትን አየው። ወልደ ሰንበት በትሩን ከፍ አድርጎ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ለእኔ ብትሰጥ እጣላሃለሁ!» አለ።

ጃፈር ሰልፉን ተከትሎ እስከ ጭራው ሄደ። የሙስሊማን ቢጫ ጀሪካን አነሣ፣ በሰው ሁሉ ፊት አልፎ መጣና ቧንቧው ሥር አስቀመጠው። ከፈተው። ውሃው እየተንደቀደቀ ወረደ፤ ተንጠባጥቦ የለመደው ሰው ሁሉ ዓይኑን ማመን አቃተው።

ሲሞላ ጎንበስ ብሎ ትከሻው ላይ አወጣው። በዚያ አገር ጀሪካን የተሸከመ ወንድ ታይቶ አይታወቅም፤ ለዚያውም ሽማግሌ፣ ለዚያውም የውሃ አባት። ሙስሊማ ወገቧን ይዛ ከሴቶቹ መሃል ፈጥና ወጣች።

«የሌይላ አባት! ምን ነካህ? ሰው እኮ ያያል!»

«ይይ» አለ ጃፈር።

ውሃው ጀርባውን እያራሰው ወደ አጥሩ መንገድ ጀመረ። ሙስሊማ ባዶ እጇን የት እንደምታደርገው ግራ ገብቷት ከኋላው ተከተለችው።